አዛናው «አይወገድም» ያለው ማሽን

የአዛናውን ሞት የነገረችኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ባሕር ዳር ገበያ መሀል ቆሜ ቲማቲም ስመርጥ ደወለችና «አዛናው እኮ ዐረፈ፤ ነገ ነው ቀብሩ» አለችኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረታ ገባሁ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰው ስለ እሱ የሚያወራውን ስሰማ ደሜ ፈላ። «ደግ ሰው ነበር» ይላል አንዱ። «አንገቱን የደፋ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ» ይላል ሌላው። ማን? አዛናው? አዛናው ደግ አልነበረም። አንገቱንም ደፍቶ አያውቅም። ሰውን ዓይን ዓይኑን የሚያይ፣ ምላሱ የሚቆርጥ፣ እልኸኛ ሰውዬ ነበር። ከእነዚያ ለቀስተኞች ግማሹ በሕይወት ሳለ ከእሱ ጋር አንድ ትሪ ላይ እጁን አልሰደደም። አሁን ሲሞት ጨዋ አደረጉት። እኔ ግን እንደነበረ ነው የምጽፈው።

አዛናው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ በአንበሳሜ መንገድ ማረሻና ዶማ የሚቀጠቅጡ ሰው ነበሩ። በእኛ አገር የቀጥቃጭ ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልናገር፦ ማረሻውን እናሠራለን፣ ማጭዱን እናስላለን፣ ሰውየውን ግን «ዓይኑ ይበላል» ብለን ከማዕድ እናርቀዋለን። ይህን የምለው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ፤ እንዲያውም የባስኩት እኔ ነኝ።

በጸሐፊነት የተቀጠርኩበትን ጽሕፈት ቤት ስም አልጠራም። ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አዛናው የጥገና ሠራተኛ ነበር። የቢሮው የሻይ ብርጭቆዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ የእሱ ብቻ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ሆኖ ከፍ ያለ ምስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። በመጀመሪያው ሳምንቴ ሳላውቅ አውርጄ ልጠጣበት ስል ከበሩ ሆኖ ጮኸብኝ።

«አስቀምጪ! የኔ ነው። በእናንተ ብርጭቆ አልጠጣም፤ ዓይናችሁ ያስፈራኛል!»

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ኋላ እንደሰማሁት፣ አዛናው ሲቀጠር ሰዎቹ ብርጭቆ ሊለዩበት በሹክሹክታ ሲመካከሩ ደርሶባቸው ነበር። በማግስቱ ከቤቱ ኩባያና ምስማር ይዞ መጣና ሁሉም እያዩት ምስማሩን ራሱ መታው። ከዚያ ወዲያ የተለየው እሱ ይሁን እኛ እንሁን ለማወቅ አስቸጋሪ ሆነ።

ሥራ ሊጀምር ሲል እጅጌውን ሦስት ጊዜ ያጥፍና ካቻቢቴውን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። የተበላሸ ዕቃ ይዘውለት መጥተው «ሞቷል» ካሉት ይናደድ ነበር። «ማነው ሞቷል ያለው? ሐኪም ነህ?» ይላል። ሬዲዮ ከሆነ ያሸተዋል፤ ኮምፒዩተር ከሆነ ጆሮውን ይለጥፍበታል። አንድ ጊዜ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ «ይኼ ካልኩሌተር አርጅቷል» ቢለው «አንተም አርጅተሃል፤ ማን ይጣልህ አለ?» አለው። ሰውየው ለወር ያህል ሰላምታ ነፈገው። አዛናው አላስተዋለም፤ ወይም ያላስተዋለ መሰለ።

የዚህ ሰው ትልቁ ጦርነት ግን በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር የተነሣ ነው። ማሽኑ ወረታ የገባው ቁሐር ሚካኤል ላይ የገበሬውን ማሳ በሜትርና በኮምፓስ ከለካ አንድ ፕሮጀክት ጋር ነው። አዛናው ያኔ ሬዲዮ እየጠገነ ይኖር ነበር። ፕሮጀክቱ የወሰን ድንጋይ ላይ ቁጥር የሚቀርጽ ሰው ሲፈልግ፣ በአባቱ መሮ በደንብ የሚቀርጽ እሱ ነውና ቀጠሩት። ጠዋት ድንጋይ ይቀርጻል፤ ከሰዓት ባለሙያዎቹ ልኩን ወደ ማሽኑ ሲያስገቡ ከኋላቸው ቆሞ ያያል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባለሙያዎቹ ሄዱ፤ ማሽኑና አዛናው ለእኛ ጽሕፈት ቤት ቀሩ። ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ የሚያሳይ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነው። ግን የእያንዳንዱ ማሳ ልክ፣ የእያንዳንዱ ወሰን ድንጋይ ቁጥርና ቦታ ውስጡ ነበር።

ወረታና ቁሐር ሚካኤል ያሉበትን የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ይህ ምን ያህል ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይሆናል፤ ውኃው ሲሸሽ ደለል ጥሎ ይሄዳል። ድንጋዩ ከሥር ይቀበራል። ድሮ ረግረግ ነው ተብሎ የሚናቅ መሬት ሩዝ ከገባ ወዲህ ወንድምና ወንድም የሚጣላበት ሆኗል። ድንጋዩ ካልታየ ድንበር የሚገፋ አይጠፋም።

ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣው ኃላፊያችን ወጣት ነበር፤ «ለውጥ» የሚለውን ቃል በአፉ ሞልቶ ነው የሚናገረው። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች አስመጣና አሮጌው እንዲወገድ አዘዘ። አዛናው በስብሰባ ላይ ብድግ አለ።

«አይወገድም። የቁሐር ሚካኤል ሰው መረጃ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። አዲሶቹ ያንን ፕሮግራም አይከፍቱትም፤ ሞክሬዋለሁ።»

«መረጃው በወረቀት አለ፣ አቶ አዛናው።»

«ወረቀቱ የተቀመጠው መሬት ላይ ነው። ወረታ መሬት ላይ!»

ሰው ሳቀ። ግምገማ ላይ ስሙ «የለውጥ እንቅፋት» ተብሎ ተመዘገበ። እሱም «እንቅፋት መሆኔን ጻፉልኝ፤ ቀስ ብላችሁ እንድትሄዱ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ከበደ። ውኃው ሜዳውን አልፎ የጽሕፈት ቤታችን መዝገብ ቤት ገባ። ሲሸሽ የታችኞቹ መደርደሪያዎች ላይ የነበረው ወረቀት ሊጥ ሆኖ ተገኘ። የቁሐር ሚካኤልም ከዚያው ውስጥ ነበር። አዛናው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያንን ጭቃ ሲያይ «ብያችሁ ነበር» አላለም። ይህን ነው ያልጠበቅኩት።

በጥቅምት አጋማሽ እማማ ይታይሽ መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ጉልበታቸው ላይ የደረቀ ጭቃ ያለ ሴት ነበሩ። ጎረቤታቸው ደርበው ደለሉ እንደጠነከረ ጥማዱን አስገብቶ ማሳቸውን እስከ ግማሽ ገፍቶ አርሶ ጓያ ዘርቶበታል። ሽማግሌዎቹ እስከ ኅዳር ሚካኤል ማግስት ቀን ሰጥተዋቸዋል። ያን ዕለት የጽሑፍ ማስረጃ ካላመጡ በአካባቢው ምስክር ይፈረዳል። ምስክሩ ደግሞ ሁሉም የደርበው ዘመድ ነው።

«ልጆቼ፣ እናንተ ለክታችሁ ድንጋይ ቀብራችሁልኝ የለ? ያንን ጻፉልኝ እንጂ» አሉ።

አዛናው አስቀምጧቸው ማሽኑን አስነሣ። ማሽኑ አጓራ፤ ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ቆመ። ሀርድ ዲስኩ፣ ማለትም መረጃው ሁሉ የተጻፈበት ዕቃ፣ ተበላሽቷል።

እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ግቢውን ሞላው። «ሲያፈጥበት ከርሞ ዓይኑ በላው!» ተባለ። ኮምፒዩተር በዓይን ሲበላ የሰማችሁ አላችሁ? እኛ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ዲግሪ ያለው ሰው ጭምር ይህን ተናግሯል።

እኔ ደግሞ ከዚያ የባሰ ሠርቻለሁ። አዲሶቹ ከመምጣታቸው በፊት ደብዳቤ የምጽፈው በዚያው ማሽን ነበር። ሁለት ጊዜ ስክሪኑ ሲጠፋብኝ ለእናቴ ነገርኳት። «ያ ሰው ያየዋል? በይ እንግዲህ» ብላ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ለዓይን መከላከያ ነው። እኔም ሰው ሳያየኝ በማሽኑ ጀርባ በኩል ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ ጣልኩት።

አዛናው ማሽኑን ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። ቋጠሮው ተንከባልሎ ማራገቢያው ላይ ተቀርቅሯል። ማራገቢያው ሳይዞር ወራት አልፎታል፤ ዲስኩ በሙቀት ተቀቅሏል። አዛናው ቋጠሮውን አወጣው፣ አሸተተው፣ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያንቺ ነው?»

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ለኔ ዓይን?»

እንደገና ነቀነቅኩ። ማልቀስ ጀመርኩ።

«እንግዲህ እኔ ሳልበላው አንቺ ገደልሽው» አለና ቋጠሮውን ኪሱ ከተተው። «ልቅሶውን ተይና ፌስታል አምጪልኝ።»

ለማንም አልተናገረም። ኃላፊው መጥቶ «ምን ነካው?» ሲለው «ሞቀው» ብቻ አለ። ሰው በኮሪደሩ «ዓይኑ ነው» እያለ ሲንሾካሾክ ይሰማ ነበር፤ ስሜን ጠርቶ አፋቸውን ማዘጋት ይችል ነበር። አላደረገውም። በዚያ ሳምንት ሐፍረት ሰውን ከውስጥ እንዴት እንደሚፍቅ አወቅኩ።

ቀጥሎ ያደረገውን ወረታ ብዙ ጊዜ አውርታዋለች፤ በትክክል ግን አላወራችውም። ዲስኩን ፈትቶ በሁለት ፌስታል አጥብቆ ጠቅልሎ ጎረቤታችን ግሮሰሪ ፍሪጅ ውስጥ፣ በቢራዎቹ መሀል አስቀመጠው። «ሲቀዘቅዝ ለጥቂት ደቂቃ ያነባል። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ትበቃኛለች» አለኝ። ከዚያ ወደ ፎቶ ቤት ሄደ። ፎቶ አንሺው የሠርግ ካሜራው ውስጥ የሚከትተው ሜሞሪ ካርድ ነበረው፤ ከክብሪት ቀፎ የሚያንስ፣ ጠፍጣፋ። አዛናው የካሜራውን ፍላሽ ጠገነለትና ካርዱን ወሰደ። ካርዱን ከአሮጌው ማሽን ገመድ ጋር የምታገናኝ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ነበረች የቀረችው፤ እሷን በአውቶቡስ ሹፌር አማካይነት ከአዲስ አበባ አስመጣ።

«ይኼ የፎቶ ካርድ እኮ ነው» አልኩት። «ማሽኑ ደግሞ ካርድ የሚባል ነገር ሳይፈጠር የተሠራ ነው።»

«ካርድ መሆኑን ማን ይነግረዋል? የለመደውን ዲስክ ይመስለዋል። ቋንቋቸው አንድ ነው።»

ካርዱ ሁለት ጊጋ ነበር፤ ማሽኑ ግን ግማሽ ጊጋ ብቻ ነው ያየው። ቀሪው የት ገባ ብዬ ብጠይቀው «ከዚያ በላይ መቁጠር አልተማረም፤ የሚያውቀው ይበቃናል» አለኝ።

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ተመላለስን። የቀዘቀዘውን ዲስክ ከግሮሰሪው እየሮጥኩ አመጣለሁ፤ አዛናው ዲስኩንና ካርዱን በአንድ ገመድ ጎን ለጎን ያስራቸዋል፤ መረጃው ከአንዱ ወደ ሌላው ትንሽ ትንሽ ይገለበጣል። ዲስኩ ሞቆ ቀጭ ቀጭ ሲል ፈትቶ ይሰጠኛል፤ ወደ ቢራዎቹ እመልሰዋለሁ። የግሮሰሪዋ ባለቤት «ይኼ ምን ዓይነት ሥጋ ነው?» እያለች ትስቅብን ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ ተንጫጭቶ ዝም አለ። አዛናው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ ማሽኑን በካርዱ ብቻ አስነሣው።

ምንም ድምፅ አልሰማሁም። ያ የወፍጮ ጩኸት የለም። በቃ አለቀ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ስክሪኑ ላይ ነጩ ፊደል ተደርድሯል። ካርዱ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ነው ዝም ያለው፤ ከድሮውም ፈጥኖ ነበር የተነሣው። አዛናው ስም ፈልጎ አገኘና በዚያ ጯሂ ፕሪንተር አተመው፦ ይታይሽ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ከዋርካው ግንድ ወደ ምሥራቅ ሰባ ሁለት ሜትር፣ ድንጋይ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ሰባት።

ኃላፊው ማኅተም አላሳርፍም አለ። «እንዲወገድ ከተወሰነ ንብረት የወጣ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም። መመሪያ ነው።»

«መልካም» አለ አዛናው ወረቀቱን እያጠፈ። «እንግዲያው ድንጋዩን እንጠይቃለን።»

በኅዳር ሚካኤል ማግስት ሁለታችንም ፈቃድ ሳንጠይቅ ወደ ቁሐር ሚካኤል ሄድን። ዋልካው ገና እግር ይይዛል። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ ደርበው ከወንድሞቹ ጋር ቆሟል፤ እማማ ይታይሽ ብቻቸውን ናቸው። አዛናው ወረቀቱን ሲያነብ ደርበው አቋረጠው።

«ማኅተም እንኳ የለውም! ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው የቀጥቃጭ ልጅ መሬት የሚያካፍለን?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። አዛናው አልተቆጣም። እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጠፈ፤ የሜትሩን ጫፍ አስያዘኝና ዋርካው ግንድ ላይ አስቆመኝ። ሜትሩን ወደ ምሥራቅ እየዘረጋ ሄዶ ሰባ ሁለት ሲሞላ ጓያው መሀል፣ ደርበው ካረሰው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ተረከዙን መሬቱ ላይ አሳረፈ። ሰው ሁሉ ዶማ ያነሣል ብሎ ሲጠብቅ፣ ዶማውን ለደርበው ዘረጋለት።

«እኔ ባወጣው ቀጥቃጩ ቀበረው ትላላችሁ። አንተ ቆፍር።»

ደርበው እምቢ ማለት አልቻለም፤ እምቢ ቢል አመነ ማለት ነው። ቆፈረ። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ምንም። እስከ ጉልበት፣ ምንም። ወንድሞቹ መሳቅ ጀመሩ። እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። እኔ ካርዱ ቁጥር አሳስቶ ይሆን ብዬ፣ ያ ነጭ ሽንኩርት እኚህን ሴት ከመሬታቸው ሊነቅላቸው ነው ብዬ ሜትሩን ጥዬ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ።

«ቆፍር እንጂ፤ ደለሉ የሁሉም ዓመት ነው» አለ አዛናው።

ደርበው ሁለት ጊዜ መታ። በሦስተኛው ዶማው ጮኸ። ደርበው ያልሰማ መስሎ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ መቆፈር ጀመረ።

«ደርበው!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ምንድን ነው የጮኸ?»

«ሥር ነው መሰለኝ፣ አባባ።»

«ሥር እንዲህ አይጮህም። ጥረገው።»

ጠረገው። የድንጋዩ ፊት ላይ የመሮ ጽሑፍ ነበር፤ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ተከትለው ጮክ ብለው አነበቡት። አንድ መቶ አሥራ ሰባት። ወዲያው ተፈረደ።

እማማ ይታይሽ ደጃቸው ላይ ጠላ ቀዱ። ለሽማግሌዎቹ ሰጡ፤ ለአዛናው ሲደርሱ እሱ ቀድሞ «ኩባያዬን ቢሮ ረስቼዋለሁ» አላቸው፤ እንደ ልማዱ ሊያሳፍራቸው ነው መሰለኝ። እሳቸው ከራሳቸው ዋንጫ ተጎንጭተው ያንኑ ዘረጉለት። «የኔን ጠጣ እንጂ ልጄ!» አሉት። አዛናው ዋንጫውን ተቀብሎ ጨለጠው።

በሳምንቱ የማስወገጃ ቅጹ መጣ። «ንብረቱ የማይሠራ በመሆኑ» ይላል፤ ባለሙያ መፈረም አለበት። ኃላፊው አዛናውን እኔ ጠረጴዛ ፊት አስጠራው። በኮሪደሩ እማማ ይታይሽ የላኳቸው የቁሐር ሚካኤል ሰዎች፣ ድንጋያቸው የተቀበረባቸው ሁሉ፣ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምተዋል።

«ፈርምና ይለቅልን» አለ ኃላፊው። «ካልፈረምክ ያለፈቃድ የቀረህበትን ቀን አነሣለሁ፤ ሥራህን ታጣለህ።»

አዛናው እስክሪብቶዬን ወሰደ። «የማይሠራ» የሚለውን ሰረዘ፤ ከላዩ ላይ በትልልቁ «ይሠራል» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ፈረመ።

ከዚያ ማሽኑን ከፍቶ ካርዱን ነቀለ። ኃላፊው ሊከለክለው ሲነሣ «መዝገቡን አንብብ» አለው። «ኮምፒዩተር አንድ፣ ስክሪን አንድ፣ ኪቦርድ አንድ። ካርድ የሚል አለ? ይኼን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ማሽኑ ሌላ ካርድ ካገኘ ይሠራል።» ወደ ኮሪደሩ ዞሮ «ሐሙሲት ከተማ እንደዚህኛው ያለ የተጣለ ማሽን አውቃለሁ። ኑ!» አላቸው። ሰልፉ እንዳለ ዞሮ ተከተለው። ያቺ ካርድ ለዓመታት ሐሙሲት በከፈታት ጠባብ የጥገና ቤት ውስጥ ብዙ ድንጋይ አስቆፍራለች፤ ደርበው ራሱ በሌላ ጎረቤት ተገፍቶ እሱ ዘንድ ሄዷል።

ያን ዕለት ግን ግቢው ባዶ ሲሆን ቢሮው ውስጥ ኃላፊውና እኔ ቀረን። ቅጹን ጨብጦ ቀዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለውና አዲስ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ።

«አዲስ አድርገሽ ጻፊው። አይሠራም በይ። እኔ እፈርማለሁ።»

በዚያ ቢሮ እስከዚያን ቀን ድረስ ጻፊ የተባልኩትን ሁሉ ጽፌያለሁ። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሠራል እኮ» አልኩት።